«አለች» እና «አሉ»፦ ከምሥራቅ ሱዳን ድንበር በሚጻፉ ዘገባዎች የሰውን ማንነት ስለሚያጋልጠው ሰዋስው

ከስደተኞች መጠለያ የሚላክ ዘገባ ሁሉ አንድ የተለመደ ዐረፍተ ነገር አለው፤ ምስክሩ ለደኅንነቱ ሲል ስሙ እንዳይጠቀስ ጠይቋል የሚል። ዐረፍተ ነገሩ ለአንባቢ ዋስትና ይሰጣል፤ ጋዜጠኛው ቃሉን የሰጠውን ሰው ሸሽጎታል ማለት ነው። ይህንኑ በአማርኛ ስንጽፍ ግን «ጠይቋል» ወይም «ጠይቃለች» ከሚሉት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንብናል። ሰውን ለመሸሸግ የተጻፈው ዐረፍተ ነገር ራሱ ከሰውየው ማንነት አንዱን ክፍል ገልጦ ያልፋል።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚህ ይነሣል። የጋዜጠኝነት ሥነ ምግባር ደንቦች የምስክርን ጥበቃ የስም ጉዳይ አድርገው ይይዙታል፤ ስሙ ከወጣ ተጋልጧል፣ ስሙ ካልወጣ ተጠብቋል እንደ ማለት ነው። የዓለም አቀፉ ጋዜጠኞች ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1954 በቦርዶ ያጸደቀው መግለጫ የምስጢር ምንጭን መጠበቅ ግዴታ አድርጎ አስቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2019 በቱኒስ የጸደቀው ቻርተር ደግሞ የሰዎችን ክብርና የግል ሕይወት ማክበርን፣ ንግግሩ ለኅትመት መሆኑን ለተናጋሪው አስቀድሞ ማሳወቅን፣ ከመገናኛ ብዙኃን ጋር ልምድ ለሌላቸውና ለጉዳት ለተጋለጡ ተጠያቂዎች የተለየ ጥንቃቄ ማድረግን ጨምሯል። ሁለቱም መልካም ሰነዶች ናቸው። ሆኖም በሦስተኛ መደብ ግሱ ላይ ጾታ በማያሳዩ ቋንቋዎች የታሰቡ ስለሆኑ ግሱ ራሱ ምስክር በሚሆንበት ቋንቋ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ምን ማድረግ እንዳለበት አይናገሩም። ይህን ክፍተት መሙላት ከጋዜጠኞች ይልቅ የእኛ የቋንቋ አጥኚዎች ሥራ ይመስለኛል፤ እስከ ዛሬ ግን አልሠራነውም።

ጉዳዩን በቦታው ላይ እንየው። የትግራይ ጦርነት በጥቅምት 2013 ማብቂያ ሲጀመር የስልክና የኢንተርኔት ግንኙነት ተቋረጠ፤ ጋዜጠኞችም ወደ ውጊያው ቦታ መግባት አልቻሉም። በዚያው ሰሞን ከሑመራ፣ ከማይካድራና ከአካባቢው ሕዝብ ተከዜን እየተሻገረ ወደ ሱዳን መግባት ጀመረ። ወንዙ በሱዳን በኩል ሰቲት ይባላል። በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ የተሻጋሪዎቹ ቁጥር ከ50 ሺህ አለፈ። በከሰላ ግዛት ሐምዳይት፣ በገዳሪፍ ግዛት ሉግዲ የመቀበያ ቦታዎች ሆኑ፤ ከድንበሩ 70 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ኡም ራኩባ እንደገና ተከፈተ፤ በጥር ወር ደግሞ ቱናይድባ ተጨመረ። ለብዙ ሳምንታት ዓለም ስለዚያ ጦርነት ከሰማው አብዛኛው ነገር የተቀዳው በእነዚህ ቦታዎች፣ በድንኳንና በዛፍ ጥላ ሥር ከተቀመጡ ሰዎች አፍ ነው።

ቃሉ እንዴት እንደተጓዘ ማስተዋል ያስፈልጋል። ተናጋሪው በትግርኛ ወይም በአማርኛ ይናገራል፤ አስተርጓሚው፣ ብዙ ጊዜ ራሱም ስደተኛ የሆነ ወጣት፣ ወደ እንግሊዝኛ ወይም ወደ ሱዳን ዐረብኛ ይመልሰዋል፤ ዘገባው በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ በማግስቱ አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ያለ አዘጋጅ ወደ አማርኛ ይተረጉመዋል። በመጀመሪያው ጉዞ ላይ ጾታና አክብሮት ከግሱ ይራገፋሉ። በመልሱ ጉዞ ላይ ግን አማርኛ ሁለቱንም መልሶ ይጠይቃል፤ ተርጓሚውም ተናጋሪውን አይቶት የማያውቅ በመሆኑ ከግምቱ ይሞላዋል። እንግሊዝኛው አንድ ገበሬ ያለውን «ገበሬው ተናገረ» ይለዋል፤ ገበሬዋ ሴት ብትሆንስ? በእንግሊዝኛው ጾታው የታወቀ ሲሆን ደግሞ በተውላጠ ስም አንድ ጊዜ ብቻ ብልጭ ብሎ የነበረው ምልክት በአማርኛው በእያንዳንዱ ግስ፣ በእያንዳንዱ ቅጥያ ላይ ይደገማል። ባለ ሃያ መስመር ዘገባ ውስጥ «አለች፣ አየች፣ ሸሸች፣ ልጇን፣ ቤቷን» እያለ አንድ ምልክት ሃያ ጊዜ ሲነገር ይውላል።

ጾታ ብቻውን ማንን ያጋልጣል የሚል ይኖራል። ብቻውን ከሆነ ማንንም አያጋልጥም። ነገር ግን በዘገባ ውስጥ ብቻውን ሆኖ አያውቅም። የሚከተለው ምሳሌ ከየትኛውም ዘገባ የተወሰደ ሳይሆን ራሴ ያዘጋጀሁት ነው፦ «ባሏ የተገደለባት የ34 ዓመቷ የሑመራ ነርስ በሐምዳይት ነገረችን»። ስም የለበትም። ይሁን እንጂ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ከተማ፣ ሙያ፣ የጋብቻ ሁኔታና ያለችበት ቦታ ተደርድረውበታል። ሑመራ ላይ ስንት ነርሶች ነበሩ? ከእነርሱ መካከል ሴት የሆኑት፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ወደ ሐምዳይት የተሻገሩትስ? ጎረቤት የሆነ ሰው ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ያውቃታል። እናቷ ወይም ወንድሟ ከወንዙ ወዲያ ማዶ ቀርተው ከሆነ ዘገባው ለማን ምን እንደነገረ መገመት አያዳግትም።

አሁን ያንኑ እንዲህ እንጻፈው፦ «ባለቤታቸው የተገደሉባቸው የጤና ባለሙያ በድንበሩ አካባቢ ነግረውናል»። የአክብሮቱ መልክ በአማርኛ ከብዙ ቁጥር ጋር አንድ ስለሆነ ጾታ አይለይም፤ «እሳቸው» ወንድም ሴትም ነው፤ «አሉ»፣ «ነገሩን»፣ «ልጃቸው»፣ «ቤታቸው» ሁሉም እንዲሁ ናቸው። «ባለቤት» የሚለው ቃል ደግሞ ባልንም ሚስትንም ይሸፍናል። (የሰዋስው መምህሮቻችን የዐረፍተ ነገሩን አድራጊ በዚሁ ቃል መጥራታቸው ለእንዲህ ያለው ጽሑፍ ትንሽ ግራ የሚያጋባ ቸርነት ነው።) አማርኛ በአንድ እጁ የሚገልጠውን በሌላ እጁ የሚሸፍንበት መንገድ አለው፤ መንገዱም አክብሮት ነው።

ጥንቃቄ የሚሹ ዝርዝሮች አሉ። የአክብሮት ግስ ቢኖርም መስተአምሩ ጾታን ሊያወጣ ይችላል፤ «ምስክሩ» እና «ምስክሯ» ይለያያሉ፤ «አንዲት» ካልን አበቃ። ስለዚህ «ቃላቸውን የሰጡ ምስክር» ዓይነት ያለ መስተአምር የሚቆም አገባብ ይመረጣል። በቀጥተኛ ጥቅስ ውስጥ አንደኛ መደብ ጾታ ስለማያሳይ («አየሁ»፣ «ሸሸሁ») ሰውን ከማንኛውም አገባብ በተሻለ ይሸፍናል። ግን ጥቅሱ ውስጥ የሚቀሩ የአጠራር ቃላት አደገኛ ናቸው፤ «ልጄ» ብሎ ጋዜጠኛውን የጠራ ሰው ዕድሜውን ተናግሯል፤ አስተርጓሚው «እትዬ» ወይም «እማማ» ብሎ ከጠራና አዘጋጁ ለውበት ሲል ካስቀረው ደግሞ የአክብሮት ግስ ያደረገው ሁሉ ከንቱ ነው።

ትግርኛ ይህ መሸሸጊያ የለውም። «ንሶም» የተከበረ ወንድ፣ «ንሰን» የተከበረች ሴት ነው፤ «ኢሎም» እና «ኢለን» በግሱም ይለያያሉ። የሱዳን ዐረብኛም በነጠላ «ጋል» እና «ጋለት» ይላል። አንድ ዓይነት ደንብ ለሦስቱም ቋንቋዎች አይበቃም። በትግርኛ የሚጽፍ ባልደረባ ወደ ቀጥተኛ ጥቅስና ወደ አንደኛ መደብ መሸሽ ይኖርበታል፤ በአማርኛ የሚጽፈው ግን ሰዋስዋዊ መጠለያ በደጁ አለለት።

ታዲያ ለምን አይገባበትም? እዚህ ላይ ትችቴ ይከብዳል። የዜና አማርኛን በየዕለቱ የሚያነብ እንደሚያውቀው አክብሮት የሚታደለው እኩል አይደለም። ሚኒስትሩ «ገለጹ»፤ የመጠለያው ኃላፊ «አስረዱ»፤ ሐኪሙ «አብራሩ»፤ ስደተኛው ግን «አለ»፣ ስደተኛዋ «አለች»። አንድ ዕድሜ ላይ ያሉ ሁለት ሰዎች በአንድ አንቀጽ ውስጥ አንዱ «እሳቸው»፣ ሌላው «እሱ» ሲሆኑ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የደመወዝና የወንበር ብቻ ነው። አትሌቶችንና ድምፃውያንን በ«አለች» እንጠራለን፣ ያ ንቀት አይደለም የሚል መልስ ሰምቻለሁ፤ ትክክል ነው፤ በዚያ ውስጥ የቤተሰብነት ፍቅር አለ። ትናንት በሐምዳይት አሸዋ ላይ የተገናኘናትን ሴት ግን በምን ቅርበት ነው «አንቺ» የምንላት? በሑመራ ገበያ ብናገኛት ኖሮ «እርስዎ» ልንላት የምንችለውን ሰው ድንኳን ውስጥ ስናገኛት «አንቺ» ካልን፣ ከአገሯ ጋር ማዕረጓንም ወስደንባታል። አክብሮት ነፋጊው ልማድና አጋላጩ ልማድ አንድ ሰዋስው ነው። ለባለሥልጣኑ የሚሰጠው «አሉ» ለምስክሯ ቢሰጥ ክብሯንም ደኅንነቷንም በአንድ ጊዜ ይጠብቅላት ነበር።

የ34 ዓመት ሰው «ባለቤታቸው የተገደሉባቸው» ሲባል አንባቢ አረጋዊ ይመስለዋል፣ ይህም ማሳሳት ነው የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። ሆኖም የጽሑፍ አማርኛ ለአካለ መጠን የደረሰን ማንንም ሰው በአክብሮት መልክ መጥራት ይፈቅዳል፤ በፍርድ ቤትና በጽሕፈት ቤት ደብዳቤ የሚሠራበት ነው። ያልተነገረ ዕድሜን አንባቢ በራሱ ግምት ቢሞላው ጋዜጠኛው ሐሰት ተናገረ አይባልም።

ስለ ስም ጥቂት ልበል። የውጭ ዜና ወኪሎች ምስክርን ለመሸሸግ የመጀመሪያውን ስም ብቻ የመስጠት ልማድ አላቸው። ልማዱ የተወለደው ሰው በቤተሰብ ስሙ በሚታወቅበት አገር ነው፤ እዚያ የመጀመሪያው ስም ብቻ ሲቀር ሰውየው በእርግጥ ይሰወራል። በእኛ ዘንድ ግን የመጀመሪያው ስም ራሱ ስሙ ነው፤ ሁለተኛው የአባቱ ነው። ገብረ፣ ወልደ፣ አብዱ እያለ የሚጀምር ስም ደግሞ ሃይማኖትን፣ አንዳንዴም አካባቢን ይናገራል። ሽፋን ተብሎ የተደረገው ዋናውን ነገር ትቶ ተቀጥላውን መቁረጥ ሆኗል። በምትኩ የውሸት ስም የሚሰጡ ዘጋቢዎች ሌላ ወጥመድ ውስጥ ይገባሉ፤ የሚመርጡት ስም የሚወክለውን ወገን የሚመስል ስም ነውና፣ የተሸሸገው ሰው የብሔሩ ተወካይ ሆኖ ብቅ ይላል።

ወደ ማይካድራ የሚያደርሰን ይህ ነው። በጥቅምት 30 ቀን 2013 በዚያች ከተማ የተፈጸመውን ጭፍጨፋ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ከሦስት ቀን በኋላ ይፋ አደረገ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በኅዳር 15 ባወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት ቢያንስ 600 ሰዎች መገደላቸውን፣ ገዳዮቹም «ሳምሪ» የተባለ የወጣቶች ቡድን አባላትና የአካባቢው ጸጥታ ኃይሎች መሆናቸውን፣ ከሟቾቹ አብዛኞቹ አማሮች መሆናቸውን ገለጸ። በዚያው ሰሞን በሱዳን መጠለያዎች ያሉ የማይካድራ ተወላጆች ለጋዜጠኞች የተገደሉት ትግራዋይ መሆናቸውን ተናገሩ። በጥቅምት 2014 የወጣው የኮሚሽኑና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት የጣምራ ሪፖርት የሳምሪን ግድያ አረጋግጦ፣ ከዚያ በኋላ በትግራዋይ ነዋሪዎች ላይ የበቀል ግድያ መፈጸሙንም አስፍሯል።

እኔን የሚያሳስበኝ እስከዚያ ድረስ በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ ምስክሮቹ የሆኑት ነገር ነው። ጎንደር ላይ የተጠየቀው «አማራ»፣ ኡም ራኩባ ላይ የተጠየቀው «ትግራዋይ» ተባለ፤ ሁለቱም ያዩትን የነገሩ ግለሰቦች መሆናቸው ቀርቶ እርስ በርስ የሚሻሻሩ ሁለት ሕዝቦች ሆኑ። ግሱ ነጠላ ሲሆን የአንድ ሰው ዓይን አለው፤ ወደ ወል ስም ሲዛወር ማንም ያላየው ነገር ይሆናል። በኮሚሽኑ የኅዳር ሪፖርት ውስጥ አማራ ጎረቤቶቻቸውን በቤታቸው፣ በቤተ ክርስቲያንና በእርሻ ውስጥ ስለሸሸጉ ትግራዋይ ነዋሪዎች የሚናገር ክፍል አለ። ያ ክፍል በአርዕስተ ዜና ቦታ አላገኘም፤ ሊያገኝም አይችልም ነበር፤ ባለቤቱ ብሔር የሆነ ዐረፍተ ነገር እንዲህ ያለውን ሰው የሚያስቀምጥበት ስፍራ የለውም።

ኡም ራኩባ ጋዜጠኞች ሲመላለሱበት ያ የመጀመሪያው ጊዜ አልነበረም። በ1977ቱ ረኃብ ዘመን በዚሁ መጠለያና በገዳሪፍ አጠገብ ባለው ተዋዋ ከሰፈሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ማንነታቸውን ሸሽገው የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ከኅዳር 12 ቀን 1977 ጀምሮ በምስጢር በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲወሰዱ ቆዩ፤ የተወሰዱት ከ6 ሺህ 500 እስከ 8 ሺህ ይገመታሉ። ነገሩን የሚያውቁ ጋዜጠኞች ለሳምንታት ዝም ብለው ነበር፤ ከፊሉ በሳንሱር፣ ከፊሉ በፈቃዱ። መጀመሪያ አፉን የከፈተው ጋዜጠኛ ሳይሆን ባለሥልጣን ነው፤ የባለሥልጣኑ ቃል በአንድ የእስራኤል መጽሔት ታተመ፣ የዓለም ጋዜጦች ተቀባበሉት፣ የእስራኤል መንግሥትም በይፋ አረጋገጠው። በታኅሣሥ 27 ቀን 1977 የኒሜሪ መንግሥት በረራውን አስቆመ። ያልደረሳቸው ሰዎች በመጠለያው ቀሩ፤ ከእነርሱ 500 ያህሉ በመጋቢት ወር ከገዳሪፍ አቅራቢያ በአሜሪካ አውሮፕላኖች ተነሡ። በመንገድና በመጠለያ የሞቱት በጠቅላላው 4 ሺህ ያህል እንደሆኑ ይነገራል።

ይህን የማነሣው በዚያ ሁሉ ኅትመት ውስጥ የአንድም ስደተኛ ስም መውጣት ሳያስፈልግ ጉዳቱ በመድረሱ ነው። ሐሰትም አልተጻፈም። የተጻፈው የወል ስም ብቻ ነበር፤ እርሱም የራሳቸው አልነበረም። ዓለም «ፈላሻ» አላቸው፤ «ፈለሰ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ጋር የሚያያዘው፣ እነርሱ ራሳቸውን የማይጠሩበት ስም ነው። በአንድ መጠለያ ውስጥ ክርስቲያን ነኝ ብሎ ለሚኖር ሰው የግል ስሙ ሽፋኑ ነበር፤ አጋላጩ የጋራ ስሙ ሆነ።

መሸሸግ ሁልጊዜ ደግ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 የሱዳን ጦርነት በኋላ ጉዞው ተገልብጦ፣ ሱዳናውያንና በሱዳን የነበሩ የሌላ አገር ስደተኞች በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ። በምዕራብ ጎንደር ኩመርና አውላላ በተባሉት መጠለያዎች በዘረፋና በጥቃት መቸገራቸውን ደጋግመው ተናገሩ፤ በሚያዝያ 2016 ከአውላላ 1 ሺህ ያህሉ ወጥተው በመንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ሰፈሩ። በአማርኛ ካነበብኋቸው ዘገባዎች በብዙዎቹ እነዚህ ሰዎች «ስደተኞቹ» ናቸው፤ ግሳቸውም ብዙ ቁጥር ነው፤ «ቅሬታ አቅርበዋል» ይባላል፣ መልሱን ግን ስም ያለው ኃላፊ ይሰጣል። እዚህ ላይ «አሉ» መጠለያ መሆኑ ቀርቶ መንጋ ማድረጊያ ሆኗል። የአክብሮቱ «አሉ» እና የብዙ ቁጥሩ «አሉ» በመልክ አንድ መሆናቸው ለሸሻጊም ለደምሳሽም እኩል ያገለግላል፤ ልዩነቱ የሚታየው ከግሱ በፊት አንድ ሰው መቆሙና አለመቆሙ ላይ ነው። ስሙ እንዲጻፍለት የጠየቀን ሰው ስም መሰረዝም ከመጋለጥ የማይተናነስ በደል የሚሆንበት ጊዜ አለ።

አዘጋጆች በሌላ ወገን የሚያቀርቡት ክርክር የታማኝነት ነው፤ ዕድሜ፣ ከተማና ሙያ የሌለው ምስክር ፈጠራ ይመስላል ይላሉ። ግማሽ እውነት አለው። ከዝርዝሮቹ ግን ምስክርነቱን የሚያጸኑት ያየውን የሚመለከቱት ናቸው፤ በየት በኩል እንደቆመ፣ ስንት ሰዓት እንደነበረ፣ ምን እንደሰማ። የ34 ዓመት መሆን የተኩሱን ድምፅ አያረጋግጥም።

በሬዲዮ የሚተላለፈው ደግሞ ከጽሑፉ ይብሳል። ድምፅን በመሣሪያ ማጎርነን የድምፁን ቅላጼ ይለውጣል እንጂ የወልቃይትን ወይም የሑመራን አነጋገር ከቃላቱ አያነሣም። ይህን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የጥገኝነት ጠያቂን መነሻ አገር ከንግግሩ ለመለየት የሚደረገው ትንተና ገደብ እንዲበጅለት የቋንቋ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2004 መመሪያ ማውጣታቸው አነጋገር ሰውን ከአገሩ ጋር አጥብቆ ስለሚያስረው ነው። ለዳኛ የሚታወቀው ለጎረቤት አይጠፋም።

እስካሁን ጋዜጠኞችን ነቀፍሁ፤ አንባቢዎቼ ግን የቋንቋ አጥኚዎች ናችሁ። በየጽሑፎቻችን ከምሳሌው ዐረፍተ ነገር ጎን በቅንፍ የምናስቀምጠውን እናስታውስ፦ ሴ.፣ 34፣ ሑመራ። የድምፅ መዝገቦቻችን መግለጫ ደግሞ ሙያን፣ የአባትን ቋንቋና የተቀዳበትን መንደር ይጨምራል። ለሥነ ቀበሌኛ ጥናት ሁሉም አስፈላጊ ነው፤ ያለ እርሱ ቅጂው ዋጋ ቢስ ነው። ምሳሌዎቻችን ስለ ጤፍና ስለ በሬ ሲሆኑ ማንም አይጎዳም። ከ2013 በኋላ ከዚያ ድንበር የተቀዳ ትረካ ግን ስለ ጤፍ አይደለም።

በራሴ መዝገብ ያሉትን ቅጂዎች ዘንድሮ እንደገና ሳገላብጥ ለኅትመት ፈቃድ የሰጡኝ ተናጋሪዎች ፈቃዱን የሰጡት ገዳሪፍ ሰላም በነበረችበት ወቅት፣ ቅጂውም ሩቅ አገር በሚቀመጥበት ሁኔታ እንደነበር አስተዋልሁ። ከዚያ ወዲህ ገዳሪፍ ራሷ ከወድ መደኒና ከሌሎች ከተሞች የተፈናቀሉ ሱዳናውያንን የምታስተናግድ የጦርነት ዳርቻ ሆናለች፤ ከተናጋሪዎቼም የተመለሱ አሉ፣ ወደ ሌላ አገር የተሻገሩም አሉ። ፈቃዱን እንደገና መጠየቅ ይገባል። የያዝሁት አድራሻ ግን የሱዳን ስልክ ቁጥር ነው፤ ከአሥራ አንዱ የሚመልሱት አራት ናቸው። የቀሩትን ሰባት ቅጂዎች ዕድሜያቸውን፣ መንደራቸውንና ሙያቸውን ከመግለጫው አውጥቼ፣ ጾታውን ትቼ አስቀምጫለሁ፤ ጾታውን ያስቀረሁት ቅጂው ውስጥ ያለው ድምፅ አስቀድሞ ስለሚናገረው ነው።